የካርዳንና የአክስል ግራሶ አመራረጥ፦ ለክሮቼራ፣ ለስፕላይንና ለሲቪ የሚስማማው የቱ ነው?

ሰው ጭኖ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሚኒባስ በአንደኛ ማርሽ ሲነሳ ከወለሉ ስር «ጧ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ሾፌሩ ቀድሞ የሚጠረጥረው ፍሪሲዮኑን ወይም ካምቢዮውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ካርዳኑ (ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ላይ ነው፤ ግራሶ ካየ የቆየ ክሮቼራ (መስቀል መሰሉ መጋጠሚያው) ወይም የደረቀ ስፕላይን (ባለ ጥርስ መንሸራተቻው)። በትንሿ የቤት መኪና ደግሞ ቦታው ከፊት ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲኬድ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው፣ የላስቲክ መሸፈኛው (ቡቱ) ተቀዶ ግራሶውን የተፋ ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም የአክስሉ መጋጠሚያ፣ ነው።

ሁለቱም «ግራሶ ይግባበት» ተብለው ጋራዥ ይገባሉ፤ የሚፈልጉት ግራሶ ግን አንድ አይደለም። ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ ሄዶ «ጥሩ ግራሶ ስጠኝ» የሚል ሰው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ይቀርብለትና በዓይኑ ይመርጣል። ቀለም ግን የሚናገረው ነገር የለም፤ አምራቹ የጨመረው ማቅለሚያ ነው። የአንዱ ድርጅት ሰማያዊ ከሌላው ሰማያዊ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጥቁር ሁሉም ሞሊ (ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ዱቄት) ያለበት አይደለም፣ ግራፋይትም ያጠቁራል። ግራሶ የሚመረጠው የሚቀባው ብረት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታይቶ ነው፦ ይንከባለላል ወይስ ይንሸራተታል?

ከመኪናዎ ስር ያለው የትኛው ነው?

በኋላ ጎማ የሚነዱት፣ ማለትም ሃይስ ሚኒባስ፣ ፒክአፕ፣ አይሱዙ የጭነት መኪና፣ የድሮው ላዳ ታክሲ፣ ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የሚዘልቅ ካርዳን አላቸው። በካርዳኑ መጋጠሚያዎች ላይ መስቀል የሚመስለው ክሮቼራ (አንዳንዱ ክሮስ ይለዋል) ይገኛል። በመስቀሉ አራት ክንዶች ጫፍ ላይ ትንንሽ ኩባያ የመሰሉ ቆቦች ተገጥመዋል፤ በቆቦቹ ውስጥ ቀጫጭን የመርፌ ኩሽኔታዎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ረጅም ካርዳን ለሁለት ተከፍሎ መሃሉን ሴንተር ኩሽኔታ ይሸከመዋል። ይህ ኩሽኔታ ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ ግራሶ አይገባበትም፤ የያዘውን ጎማም በግራሶ ማራስ ጎማውን ማበላሸት ነው።

ስፕላይን የምንለው የካርዳኑ ሁለት ክፍሎች እየተሳቡና እየተገፉ የሚገናኙበትን ባለ ጥርስ ቦታ ነው። ባሌስትራው ሲረግጥና ሲነሳ የካርዳኑ ርዝመት መለዋወጥ አለበት፤ ያንን የሚፈቅደው ስፕላይኑ ነው። በአንዳንድ መኪና ስፕላይኑ ካምቢዮው ውስጥ ገብቶ በካምቢዮ ዘይት ይረሳል፤ እንዲህ ከሆነ ግራሶ አይፈልግም። ውጭ ያለና ኒፕል (የግራሶ ፓምፕ የሚገጠምበት ትንሽ ጫፍ) ያለው ከሆነ ግን የእርስዎን እጅ ይጠብቃል።

በፊት ጎማ የሚነዱት ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና ዲዛየር ካርዳን የላቸውም። ግራና ቀኝ አንዳንድ አክስል አላቸው፤ እያንዳንዱ አክስል ሁለት መጋጠሚያ አለው። በጎማው በኩል ያለው ስድስት ኳስ የያዘው ሲቪ ነው፤ መሪ ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፈው እሱ ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው አብዛኛውን ጊዜ ትሪፖድ ይባላል፤ ሦስት ክንድ፣ በየክንዱ ላይ አንድ ተሽከርካሪ ሮለር። በአራቱም ጎማ የሚነዱት ደግሞ በርካቶቹ ካርዳንም አክስልም አላቸው።

እንቅስቃሴያቸውን ልብ ይበሉ። የክሮቼራ መርፌ ዙሪያውን ዞሮ አያውቅም፤ መጋጠሚያው በሚታጠፍበት ማዕዘን ልክ፣ ማለትም ጥቂት ዲግሪ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል እንጂ። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጫናል፤ በመርፌውና በብረቱ መካከል ያለው ግራሶም ቀስ በቀስ ተገፍቶ ይወጣል። ደረቅ ሆኖ የሠራ ክሮቼራ ሲፈታ የክንዱ ፊት ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ተቀርጾ ይታያል፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ መርፌ መኝታ ነው። ጣት ሲያሳርፉበት ይቆረቁራል። ቆቡ ውስጥ ደግሞ እንደ በርበሬ የቀላ ደቃቅ ዱቄት ያገኛሉ፤ የብረቱ ዝገት ነው።

ስፕላይን ግን አይንከባለልም። ብረት በብረት ላይ በጭነት ይንሸራተታል። የኳሱ ሲቪ በሁለቱ መካከል ነው፦ ኳሱ ይንከባለላል፣ እየተንከባለለም በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። ትሪፖድ እንደገና ወደ መንከባለል ያዘነብላል፤ ሮለሮቹ ከውስጥ የመርፌ ኩሽኔታ አላቸው።

ጣሳው ላይ የሚነበበው

መጀመሪያ ቁጥሩን ይፈልጉ። ኤን.ኤል.ጂ.አይ (NLGI) የሚለው ፊደል አጠገብ ያለው ቁጥር የግራሶውን ውፍረት ይነግራል። ደረጃው ከ000 ይጀምራል፣ ዘይት ለመሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው፤ እስከ 6 ይሄዳል፣ እሱ እንደ ሳሙና ድርቅ ያለ ነው። ቁጥር 2 የሚባለው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ግራሶው ውስጥ እንዲሰምጥ የሚለቀቀው የመለኪያ ሾጣጣ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር የሚጠልቅበት ነው። ለክሮቼራም፣ ለስፕላይንም፣ ለኳስ ሲቪም የሚፈለገው ይኸው 2 ነው። አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ቢበርድም ግራሶን የሚያደርቅ ብርድ የላትም፤ ስለዚህ «ለክረምት ቀጠን ያለ» ብሎ ወደ 1 መውረድ አያስፈልግም። 3 ደግሞ በቀጭኑ የክሮቼራ ቀዳዳ አልፎ መርፌዎቹ ዘንድ ለመድረስ ይከብደዋል።

ቀጥሎ ኢፒ (EP) የሚለውን ይፈልጉ። ከፍተኛ ጫና የሚችል ቅመም ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ካርዳን ላይ ያለ ኢፒ አይሆንም። የአንዳንዱ ጣሳ ጀርባ ኤል.ቢ (LB) ወይም ጂ.ሲ (GC) የሚል ምልክት ይኖረዋል። ኤል.ቢ ለቻሲስና ለክሮቼራ፣ ጂ.ሲ ለጎማ ኩሽኔታ የተፈተነ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ለሁለቱም ይሆናል።

የዘይቱ ውፍረትም የራሱ ቁጥር አለው። ግራሶ ማለት ዘይትን ያቀፈ ስፖንጅ ማለት ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይቱ ነው፣ ሳሙናው (ዘይቱን የሚያወፍረው ነገር፣ ለምሳሌ ሊቲየም ወይም ካልሲየም) የሚይዝለት ዕቃ ነው። ለክሮቼራ በ40 ዲግሪ ከ150 እስከ 220 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ያለው ጥሩ ነው። ሼል ጋደስ ኤስ2 ቪ220 2 በሚለው ስም ውስጥ 220 ይህንን፣ መጨረሻው ላይ ያለው 2 የግራሶውን ውፍረት ይነግራል። አንዴ ከገባዎ ስሙን እንደ መታወቂያ ያነቡታል።

ዓይነቶቹ ፊት ለፊት ሲታዩ

ተራው የሊቲየም ኢፒ 2 የክሮቼራ ዋና ምግብ ነው። ከ180 ዲግሪ በታች አይቀልጥም፣ ውሃ በቀላሉ አያጥበውም፣ በየሱቁ አለ። ቶታል መልቲስ ኢፒ 2 (ሊቲየምና ካልሲየም ቅልቅል ነው) እና ከላይ የጠቀስነው የሼል ግራሶ ከዚህ ወገን ናቸው። ክሮቼራ ብቻ ላለው መኪና ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት ትርፍ የለውም፤ ቁም ነገሩ በጊዜው መግባቱና በትክክል መግባቱ ነው።

ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ከ250 ዲግሪ በላይ ድረስ ሳይቀልጥ ይቆያል። ሞቢልግሪስ ኤክስኤችፒ 222 ከእነዚህ ነው። ክሮቼራ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት አያውቅም። ይህን መግዛት የሚያዋጣው ከዚሁ ጣሳ ለሞዞ (የጎማው መሃል) ኩሽኔታም የሚጠቀሙ ከሆነ ነው፤ ከቸርችል ቁልቁል ፍሬን እየያዘ የሚወርድ ተሽከርካሪ ሞዞው ይግላል፣ እዚያ ተራው ሊቲየም ሊቀጥን ይችላል። አንድ ፓምፕ፣ አንድ ግራሶ ለሁሉም ብሎ ለሚሠራ ጋራዥ ኮምፕሌክሱን እንመርጣለን።

ሞሊ ያለበት ሊቲየም፣ ማለትም 3 ከመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተጨመረበት፣ ለሚንሸራተት ሁሉ ነው፦ ለስፕላይን፣ ለኳሱ ሲቪ። ሞሊ በጣም ደቃቅ የሆነ ጠጣር ዱቄት ነው፤ ዘይቱ በጫና ተገፍቶ ቢወጣ እንኳ በብረቱ ፊት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቶታል መልቲስ ኤምኤስ 2 የዚህ ዓይነት ነው። «ታዲያ ይህ ከተሻለ ክሮቼራ ውስጥስ ለምን አናስገባውም?» የሚለው ጥያቄ በየጋራዡ አለ። 3 ከመቶው ክሮቼራን ይገድለዋል ማለት ማጋነን ነው። ግን መርፌ የተሠራው እንዲንከባለል ነው፤ ጠጣሩ የበዛበት ፓስታ መርፌውን ከመንከባለል ይልቅ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፣ የሚንሸራተት መርፌ ደግሞ አንድ ጎኑ ይበላል። ቶዮታም ለላንድክሩዘርና ለሃይሉክስ የሚያዝዘው ይህንኑ ልዩነት ጠብቆ ነው፦ ለክሮቼራው የሊቲየም ቻሲስ ግራሶ ቁጥር 2፣ ለስፕላይኑ ሞሊ ያለው የሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2።

የድሮው የካልሲየም ግራሶ ርካሽ ነው፤ ውሃን በመቋቋምም አይታማም። ችግሩ 100 ዲግሪ ሳይሞላው መፍረሱ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ለሥራ አለመመከሩ ነው። የባሌስትራ ፒን ላይ ያገለግላል፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ለሚዞር ካርዳን አንመክረውም።

ካልሲየም ሰልፎኔት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ሌላ ነገር ነው፣ ከድሮው ካልሲየም ጋር አያምታቱት። ጫናንም ውሃንም በተፈጥሮው ይችላል፤ ክረምቱን በሙሉ ጎርፍ እያቋረጠ ለሚሠራ ፒክአፕ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ ወደ እሱ ሲዞሩም አሮጌው ሊቲየም ሙሉ በሙሉ ተገፍቶ መውጣት አለበት።

ፖሊዩሪያ ለትሪፖድ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች የውስጠኛውን መጋጠሚያ የሚሞሉት በእሱ ወይም ሞሊ በሌለው ለስላሳ ግራሶ ነው። አክስል ሲፈታ ውጭው ጥቁር፣ ውስጡ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ግራሶ ሲገኝ «አንዱ ተበላሽቷል» የሚሉ አሉ፤ አልተበላሸም፣ ከመጀመሪያውም የተለያዩ ናቸው። ቤንቶን የሚባለው የሸክላ ግራሶ አይቀልጥም ተብሎ ይወደሳል፤ ለምድጃና ለእቶን ማሽን ይሁን፣ ከሌሎች ጋር ሲገናኝ ስለሚፈርስ ካርዳን ላይ ቦታ የለውም።

ስለ መደባለቅ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ሊቲየምና ሊቲየም ኮምፕሌክስ ቢገናኙ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። ሊቲየም ከፖሊዩሪያ ወይም ከቤንቶን ጋር ሲገናኝ ግን አንዱ የሌላውን ስፖንጅ ያፈርሰዋል፣ ዘይቱ ይለቀቅና እንደ ሾርባ ይፈስሳል። ከሳምንት በኋላ ወለሉ ስር የዘይት ርጭት ታይቶ «ሲሉ (ግራሶውን አፍኖ የሚይዘው ጎማ) ተቀዷል» ይባላል፤ ሲሉ ደህና ነው፣ ግራሶዎቹ ተጣልተው ነው።

ከበርሜል ተቀድቶ በፌስታል የሚሸጠውን አንመክርም። ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ይገባበታል። የግድ ከሆነ ግን አንዲት ጠብታ በሁለት ንጹሕ የመስታወት ቁራጮች መካከል አድርገው ይሹት። መስታወቱ ከተቧጨረ ወይም «ክርች» ካለ አሸዋ አለበት። ከዚያ ትንሽ ወስደው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያማስሉት፤ ውሃው እንደ ወተት ከነጣ በክረምት አይቆይልዎትም።

ክሮቼራ ሲሞላ

መኪናው ፎሳ ላይ ይቁም፣ ወይም በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ስር አይገባም። ጎማዎቹን በታኮ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ካምቢዮውን ዜሮ ያድርጉ። ግራሶ ከማስገባትዎ በፊት መጋጠሚያውን ከሁለት ወገን ይያዙና አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይጠምዝዙት። እጅዎ ላይ የሚሰማ ክፍተት ካለ ይቀየር። ግራሶ የተበላ ብረት አይመልስም፤ ለሁለት ሳምንት ድምፁን ይደብቃል፣ ይህ ደግሞ ከምንም የከፋ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተበጥሶ አስፋልት የነካ ካርዳን የነዳጅ መስመሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና ወለሉን ይዞ ይሄዳል።

ኒፕሉን በጨርቅ ብቻ ሳይሆን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ጫፉ ላይ ያለው ጭቃ የፓምፑ ግፊት የሚያስገባው የመጀመሪያው ነገር ነውና። የእጅ ፓምፕ ይመረጣል። በኮምፕሬሰር የሚሠራው ፈጣን ነው፣ ለጭነት መኪና ጋራዥም ይመቻል፤ ግን ለስላሳውን ሲል ሳያስታውቅ ይገለብጠዋል። በእጅ ሲሆን መዳፍዎ ግፊቱን ይሰማዋል። ቀስ ብለው እየተጫኑ በአራቱም ቆቦች ስር ይመልከቱ። መጀመሪያ ጥቁር፣ ምናልባት ቀላ ያለ አሮጌ ግራሶ ይወጣል፤ ከዚያ ንጹሑ ይከተላል። አራቱም ጋ ንጹሕ እስኪታይ መቀጠል ነው ሥራው። ለሚኒባስ ክሮቼራ ጥቂት ምት ይበቃል።

አንዱ ቆብ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ሦስቱ ተፍተው አራተኛው ደረቅ ከሆነ «ሦስቱ ከወጣ ይበቃል» አይባልም፤ የሚሞተው ያ አራተኛው ነው፣ ሦስቱንም ይዞ። ካርዳኑን ግማሽ ዙር አዙረው እንደገና ይሞክሩ። መጋጠሚያውን እምቢ ካለው ቆብ ወደ ተቃራኒው ወገን እየገፉ ይጫኑ። ቆቡ በቡሎን የተያዘ ከሆነ ቡሎኖቹን በትንሹ ያላሉ፣ ግራሶው መንገድ ሲያገኝ ይወጣል፤ ወዲያው መልሰው በልኩ ያጥብቁ። ይህም ካልሠራ ክሮቼራው ወርዶ መታየት አለበት። መኪናውን ለመካኒክ ሰጥተው የሚቆሙ ከሆነ የሚሉት ይህን ነው፦ «ወንድሜ፣ በአራቱም በኩል አዲሱ እስኪወጣ ግፋልኝ።» ጠርዙን ብቻ ቀብቶ የወጣና በትክክል የሞላ ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

የፓምፕዎን ምት ልክ ማወቅ ከፈለጉ 20 ጊዜ ተጭነው የወጣውን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይመዝኑና ለ20 ያካፍሉ። ብዙው የእጅ ፓምፕ በአንድ ምት 1 ግራም አካባቢ ይሰጣል፤ ያረጀው ከዚያ በታች።

ስፕላይን ላይ «በዛ» የሚባል ነገር አለ

ክሮቼራ ላይ የበዛው በሲሉ ይወጣል። ስፕላይን ላይ ግን የበዛው መውጫ ያጣል። ክፍተቱ በግራሶ ሲሞላ ካርዳኑ ማጠር አይችልም፤ መኪናው ጉድጓድ ሲረግጥ የሚገፋው ኃይል ወደ ካምቢዮው ወይም ወደ ዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ይሄዳል። ስለዚህ አራት አምስት ምት ሰጥተው ካርዳኑን ይመልከቱ፤ መርዘም ከጀመረ ወይም ግራሶ በሲሉ ጠርዝ ብቅ ካለ ይቁሙ። ጫፉ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው ከሆነ ግራሶ በቀዳዳው እስኪታይ ይሞሉ፣ ቀዳዳውን በጣት ይዝጉ፣ ከዚያ በሲሉ በኩል እስኪወጣ በቀስታ ይጨምሩ።

ካርዳኑን ለያይተው የሚያጸዱ ከሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች በቀለም ወይም በመሮ ምልክት ያድርጉባቸው። አንድ ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ በ10 ዲግሪ ማዕዘን ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም 1.5 ከመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ክሮቼራ ይህን የሚያስተካክለው አቀማመጣቸው ከተገጣጠመ ብቻ ነው። አንድ ጥርስ ተሳስቶ የገባ ስፕላይን ምን ዓይነት ግራሶ ቢገባበት መንቀጥቀጡን አያቆምም።

ሲቪ፦ መሙላት ሳይሆን መቀየር

ሲቪ ኒፕል የለውም። ጎማው (ቡቱ) ደህና እስከሆነ ድረስ ውስጡ ያለው ግራሶ ለዓመታት ይበቃዋል። ስለዚህ እዚህ ሥራው ጎማውን መከታተል ነው። ዘይት በቀየሩ ቁጥር መሪውን አጥፈው በመብራት እጥፋቶቹን ይዩ፤ ስንጥቅ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ሪሙ ውስጠኛ ፊት ላይ የተረጨ ጥቁር ቅባት። ቶሎ ከተደረሰበት ወጪው አንድ ጎማና አንድ ከረጢት ግራሶ ነው። ከዘገየ አሸዋው ኳሱን ይበላዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ጎማው ተቀዶ ድምፅ ገና ከሌለ ጎማና ግራሶ ብቻ መቀየር ያዋጣል። ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ የውጪው መጋጠሚያ ራሱ ይቀየር፤ አዲስ ግራሶ ድምፁን ቢቀንስም የተቦረቦረውን ቦይ አይሞላም። ድምፅ ሳይኖር ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ መሪና ወለል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትሪፖዱን ይጠርጥሩ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ አክስል ይገኛል፤ ከመግዛትዎ በፊት የውጪውን መጋጠሚያ እስከ መጨረሻው አጥፈው ያዙሩት፣ እንደ ጠጠር የሚሰማ ነገር ካለ ይተዉት፣ የስፕላይኑን ጥርስም ከእርስዎ ጋር ይቁጠሩ።

አክስሉ ከመውጣቱ በፊት የመሃሉ ትልቅ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ይላላ። በብዙ ኮሮላና ቪትዝ መልሶ ሲጠብቅ 216 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህን በግምት ማጥበቅ የሞዞ ኩሽኔታ መግደል ነው። መጋጠሚያውን ከፍተው አሮጌውን ግራሶ በሙሉ ያጥቡ። በናፍታ ወይም በላምባ ይታጠባል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው፤ ኳሶቹ መካከል የቀረ ናፍታ አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ኳሶቹን አንድ በአንድ ጠርገው ቦዮቹን ይመልከቱ፣ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ካለ ያ መጋጠሚያ አልቋል።

መጠኑ ከጎማው ጋር በመጣው ከረጢት ላይ የተጻፈው ነው። ለትንንሽ መኪና የውጪው ከ70 እስከ 120 ግራም፣ የውስጠኛው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ግማሹን በመሃለኛው የስፕላይን ቀዳዳ በኩል እየገፉ በኳሶቹ መካከል እስኪወጣ ይሙሉ፤ ቀሪውን ጎማው ውስጥ ያድርጉት። «ይጠቅመዋል» ብሎ ከረጢት መጨመር ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ሲሞቅም ማሰሪያውን አልፎ ይተፋል። ለውጪው ሞሊ ያለው ጥቁር፣ ለትሪፖዱ ከራሱ ጎማ ጋር የመጣው። ከረጢቶቹ ሁለት ከሆኑ እንዳይለዋወጡ በማርከር ይጻፉባቸው።

የጎማው ከንፈር የሚያርፍበት ብረት ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ግራሶ ከነካው ማሰሪያው ይንሸራተታል። ትልቁን ማሰሪያ ካጠበቁ በኋላ ትንሹን ከማጥበቅዎ በፊት ድንዙዝ ካቻቢቴ በከንፈሩ ስር አስገብተው የታፈነውን አየር ያስወጡ። ያኔ ጎማው ሳይነፋም ሳይጨመደድም በተፈጥሮ ቅርጹ ይቀመጣል።

ኒፕል ያለው ክሮቼራ ወይስ የታሸገው?

አዲስ ክሮቼራ ሲገዙ ሁለቱም ይቀርብልዎታል። የታሸገው ውስጡ አልተቦረቦረም፤ ብረቱ ትንሽ ይጠነክራል፣ ሲሉም የተሻለ ነው። ግን ውሃ አንዴ ከገባበት ማስወጫ የለውም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራና በክረምት ውሃ ለሚያቋርጥ መኪና ኒፕል ያለውን እንመርጣለን፣ ግራሶ የሚያስገባለት ሰው እስካለ ድረስ። ማንም ዞር ብሎ የማያየው መኪና ከሆነ የታሸገው ይሻላል፤ ኒፕል ኖሮት ያልተሞላ ክሮቼራ ከሁለቱም ያንሳል። የሚገዙትን በመኪናው ስም ብቻ አይመኑ፤ የቆቡን ዲያሜትርና ከቆብ እስከ ቆብ ያለውን ርዝመት በካሊፐር ለክተው ይሂዱ። ሲገጠም ኒፕሉ ፓምፕ በሚደርስበት ወገን ይሁን፤ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ «አይገባም» ብሎ እንደገና ማውረድ የተለመደ ድካም ነው።

ስንት ጊዜ፣ መቼ

ለታክሲ ሚኒባስና ለጭነት መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዘይት ቅያሪው ጋር። ከከተማ ለማይወጣ የግል ፒክአፕ በየ10,000። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ቆጣሪውን ብቻ አይከተሉ፤ ካርዳኑ ውሃ ውስጥ ከተነከረ በ24 ሰዓት ውስጥ አዲስ ግራሶ ገብቶ ውሃውን ይግፋው። ውሃው ከመርፌዎቹ ጋር ካደረ ዝገቱ ይጀምራል፣ ዝገት የጀመረው ደግሞ አይመለስም።

ላቫጆ የሚወስዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እጥበት፣ ቀጥሎ ግራሶ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውሃ በሲሉ በኩል ይገባል፤ ግራሶ ቀድሞ ገብቶ መኪናው ቢታጠብ ውሃውን ውስጥ ትተው ሄዱ ማለት ነው። አጣቢውንም የግፊቱን ጫፍ ከክሮቼራው፣ ከሴንተር ኩሽኔታውና ከሲቪ ጎማው እንዲያርቅ ይንገሩት። ዝገት ይከላከላል ብለው ከስር ናፍታና የተቃጠለ ዘይት የሚያስረጩም አሉ፤ ናፍታ የሲቪውን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ማስረጨትዎ ካልቀረ የሲቪ ጎማዎቹን በፌስታል ሸፍነው ያስረጩ።